ብርድ የምትወድ አበባ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሱሉልታ መኖር የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ብርዱ ነው። የግቢው ስፋት፣ የአየሩ ንጽሕና፣ የኪራዩ መርከስ ቆይቶ ይነሳል። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ሌላው ወሬ ሁሉ ይረሳና ብርድ ብቻ ይቀራል። ታክሲ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር "ኧረ ዘንድሮስ ብርዱ ባሰ" ይባላል። እኔም እንደ ሰፈሬ ሰው ጋቢ ደርቤ ነው የማመሸው። ግን ስለዚህ ብርድ በጎ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ብርዱ ሀብታችን ነው። ይህን ያወቅኩት ግቢዬ ውስጥ ከማበቅላት ራናንኩለስ ከምትባል አበባ ነው።

ራናንኩለስን አይቶ የማያውቅ ሰው ከሩቅ ጽጌረዳ ናት ብሎ ሊያልፋት ይችላል። ቀረብ ብሎ ያያት ግን አይሳሳትም። እሾህ የላትም። አገዳዋ ቀጭንና ጸጉራም ነው፤ ውስጡም ክፍት ነው። የአበባው ቅጠሎች ከመሳሳታቸው የተነሳ ጠዋት ፀሐይ በጀርባቸው ስትመጣ ብርሃኑን ያሳልፉታል። አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ እየጠበበ፣ ወደ መሃል ይሄዳል። ከተዳቀሉት ዝርያዎች አንዳንዶቹ በአንድ አበባ ላይ ከ100 በላይ ቅጠል ይይዛሉ። ነጭ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ደማቅ ቀይ፣ ወይን ጠጅ። ሰማያዊ ብቻ የለም። እኔ ለነጯ አደላለሁ። ነጯ ላይ መሃል ያለው አረንጓዴ ቀለም ወለል ብሎ ይታያል፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር እየተከፈተች አረንጓዴው ወደ ጥቁር ይሄዳል።

የትውልድ አገሯ ከሜዲትራኒያን ባሕር በስተምሥራቅ ነው። ከቀርጤስ ደሴት ጀምሮ ቱርክን፣ ሶርያንና ፍልስጤምን ይዞ እስከ ኢራን ድረስ በዱር ትበቅላለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኦቶማን ቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ ተወዳጅ ነበረች። ዛሬ በጣሊያን የባሕር ዳርቻ ለገበያ ትመረታለች። አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ፣ ካርልስባድ በምትባል ከተማ ደግሞ 20 ሄክታር ያህል ኮረብታ በየዓመቱ በሷ ይሸፈናል። ሰው ቲኬት ቆርጦ ገብቶ ነው የሚያያት።

ጠባይዋን ለማወቅ አገሯን ማወቅ ይበቃል። በሷ አገር ዝናቡ የሚመጣው ከብርዱ ጋር ነው። የሙቀቱ ወራት ደግሞ ደረቅ ናቸው። ስለዚህ በብርዱ ትበቅላለች፣ ታብባለች። ሙቀቱ ሲመጣ ቅጠሏ ይደርቅና ሥሯ አፈር ውስጥ ይተኛል። እኛ ጋ ዝናቡና ብርዱ ተለያይተው ነው የሚመጡት። ዝናቡ ሰኔ ገብቶ መስከረም ይወጣል። የሌሊቱ ብርድ የሚጠነክረው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። እንግዲህ ውኃውን በጀሪካን እናመጣለን። ብርዱን ግን ማንም ገዝቶ አያመጣውም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ራናንኩለስ ሌሊቱ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ፣ ቀኑ 15 እና 18 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደስ ይላታል። ቀኑ ወደ 25 ሲጠጋና እዚያው ሲሰነብት "ሙቀቱ መጣ" ብላ ለመተኛት ትዘጋጃለች። ሞቃት አገር ያሉ አምራቾች ሥሩን ከመትከላቸው በፊት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ያሰነብቱታል። ለዚያ መብራት ይከፍላሉ። እኛ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ እንጦጦን ተደግፈን፣ ያንኑ ብርድ በነፃ እያገኘን እንከሰዋለን።

እርግጥ የኛ ቀን ፀሐዩ ይበረታል። ኅዳር ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ጃኬት ያስወልቃል። ሌሊቱ ግን ያካክሰዋል። ደመና የሌለበት ሰማይ የቀኑን ሙቀት ይዞ አያስቀርም፤ ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው። ከእንጦጦና ከዙሪያው ኮረብታ ቁልቁል እየወረደ ሜዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ውርጩ ሜዳ ላይ ያለውን ቤት እየመታ ዳገቱ ላይ ያለውን የሚምረው። የኔ ቤት መሃል ላይ ነው፤ ከሜዳው ትንሽ ከፍ፣ ከዳገቱ ትንሽ ዝቅ። ቤት ስፈልግ ይህን አስቤ አልነበረም። ለአበባዋ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ይህን ብርድ የአበባ እርሻዎቹ ቀድመው ነው ያወቁበት። ኢትዮጵያ በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ኬንያን ተከትላ ሁለተኛ ናት። አብዛኛው የምትልከው ጽጌረዳ ነው። ሆለታ አካባቢ ያለው ጽጌረዳ ቆላማ ቦታ ካለው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ የአበባው ራስ ግን ይተልቃል። ቀስ እንዲል የሚያደርገው ብርዱ ነው። አውሮፓ ያለ ሰው ለዚያ ትልቅ ራስ ብሎ የበለጠ ይከፍላል። ማለቴ፣ ሰው ዋጋ አውጥቶበት በአውሮፕላን የሚሄደው አንዱ ነገር የሱሉልታና የሆለታ ሌሊት ነው።

ሥሮቹን ያገኘሁት አበባ እርሻ ከሚሠራ የአክስቴ ልጅ ነው። ለሙከራ ከተተከለ የተረፈ ነበር፤ ፈቃድ ጠይቆ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከዘርም ይበቅላል። ቅዝቃዜ ይዞት ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው፤ እስኪያብብም ግማሽ ዓመት ያህል ይፈጃል። ትዕግሥት ላለው ሰው እሱም መንገድ ነው። ከውጭ ሥር ላስመጣ የሚል ካለ ግን የኳራንቲን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይወቅ። ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማምጣት ከአበባው ጋር የሌላ አገር በሽታ ለድንቻችንና ለጽጌረዳችን ማምጣት ሊሆን ይችላል። በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አልወድም።

ደረቁ ሥር የደረቀ የዶሮ እግር ይመስላል። ጥፍሮቹ ወደ ታች ተሰብስበው፣ ላዩ ላይ ጸጉር ያለው ጉብታ ይዞ። በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው፤ ጫን ካሉት ይሰበራል። ይህ ነገር ሕይወት አለው ብሎ ማመን ይከብዳል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ሲነከር ግን ያብጣል። ጥፍሮቹ ይወፍራሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምነክረው፤ ቡና እያፈላሁ መሃል መሃል ላይ ውኃውን እለውጠዋለሁ። አየር የሌለው ውኃ ያፍነዋልና። ሌሊቱን ሙሉ መተው አይገባም፤ ይበሰብሳል። ከውኃው ሲወጣ ጉብታው ላይ ያለው ጸጉር ታጥቦ ከሥሩ ትንንሽ ፈዛዛ እምቡጦች ይታያሉ። ቅጠሉ የሚወጣው ከነሱ ነው።

ከዚያ በቀጥታ መሬት ውስጥ መክተት ይቻላል። እኔ ግን መጀመሪያ በቀለም ባልዲ ክዳን ላይ እርጥበት ያለው ኮምፖስት አንጥፌ፣ ሥሮቹን ደርድሬ፣ በስሱ አልብሼ ቀዝቃዛ ጥግ አስቀምጣቸዋለሁ። በአሥር፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነጫጭ ጸጉር የመሰሉ ሥሮች ያወጣሉ። አፈሩ መርጠብ እንጂ መጨቅየት የለበትም። የበሰበሰው እዚያው ይለያል። መደብ ላይ የሚወርደው የተረጋገጠው ብቻ ነው።

አሁን ስለ አፈሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰው አትክልት ሲሞክር የሚሸነፈው በአብዛኛው እዚህ ነው። ሜዳው ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለጤፍና ለጓያ ጥሩ ነው። ለራናንኩለስ ግን መቃብር ነው። ሥሯ ውኃ ላይ መተኛት አይችልም። የኔ ግቢ ግማሹ ዋልካ ነው፤ ግማሹ ቤቱ ሲሠራ የተደፋ ኮረትና የሲሚንቶ ፍርፋሪ የተቀላቀለበት። ስለዚህ መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጌ በብሎኬት ከብቤ ሠራሁት። ከዳገቱ የመጣ ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ የከብት ፍግ፣ ለመንገድ ሥራ የሚያመጡት ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጥቃቅኑ ተነፍቶ። ሬድ አሹ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ውኃ ያሳልፋል፤ አየርም ይይዛል። ትኩስ ፍግ ግን ወዮለት፤ ሥሩን ያቃጥለዋል። ኮምፖስቱን የምሠራው በኅዳር 12 ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ቅጠሉን ጠርጎ ሊያቃጥል ይሰበስባል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ሰው ከጨረሰ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ቆሻሻው ይቃጠል፣ ቅጠሉን ለኔ ስጡኝ እላለሁ። ጎረቤቶቼ ለምደውኛል። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው በር ላይ ያስቀምጡልኛል። የዓመቱ ቅጠል ለቀጣዩ ጥቅምት ይደርሳል።

መደቡ ሥር የሽቦ ወንፊት ዘርግቼበታለሁ። ፍልፈል አለ። የጎረቤቴን ድንች ከሥር እየጎተተ ነው የሚበላው፤ ላዩ ለምለም መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን ጠውልጎ ይገኛል። ሽቦው ዋጋ አለው፤ ግን አንዴ ነው።

የሚተከለው ጥፍሩ ወደ ታች፣ ጉብታው ወደ ላይ ሆኖ ነው። ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ በመሃል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ቢቀር ትንሽ ነው። ሲተከል በደንብ ይጠጣል። ከዚያ ቅጠሉ እስኪወጣ ውኃ መቀነስ ነው። ጊዜው? እኔ መስቀል አልፎ ዝናቡ መውጣቱን ካየሁ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ነው የምተክለው። አንዳንድ ዓመት ጥቅምት መሃል ላይ ያልተጠራ ዝናብ ይመጣል። ለዚያ ላስቲክ ቀስት ሠርቼ አዘጋጅቻለሁ፤ ዝናቡ ሲያልፍ እገፈዋለሁ። ከተተከለ እስኪያብብ ሦስት ወር ያህል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እምቡጦች ጥምቀት አካባቢ ይመጣሉ።

ጎረቤቴ እማማ መደቡን ስሠራ ቆመው ያዩኝ ነበር። ጎመን መስሏቸው ነበር። ቅጠሉ ብቅ ሲል የተቆራረጠ ስለሆነ ደግሞ ካሮት ነው አሉ።

"ካሮት አይደለም እማማ። አበባ ነው።"

"ይሄ ሁሉ መደብ ለአበባ?"

"አዎ።"

"ልጄ፣ ይበላል?"

"አይበላም። እንዲያውም መርዝ ነው።"

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ "ታዲያ ምን ቆርጦሽ ነው?" አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሽንኩርት በዚህ ዋጋ በሚሸጥበት ጊዜ፣ ለማይበላ ነገር መደብ መስጠት መልስ ይፈልጋል። የሰጠኋቸው መልስ ከጓዳቸው የወጣ ነው። "ጥቁር አዝሙድ ይወዳሉ አይደል?" አልኳቸው። ዳቦ ሲደፉ ከላዩ የሚነሰንሱት፣ በርበሬ ውስጥ የሚገባው ጥቁር አዝሙድ ከራናንኩለስ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አጥር ላይ የሚጠመጠመው የአዞ ሐረግም ዘመዷ ነው። ሥረ ብዙም እንደዚሁ። እማማ የአዞ ሐረግን ያውቁታል፤ ቆዳ ላይ ሲያደርጉት እንደሚልጥ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። "እንዲያ ከሆነማ እኛው ዘንድ ዘመድ አላት" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ መደቡ ጥያቄ የላቸውም፤ አስተያየት ግን ሞልቷቸዋል።

ከሁሉም የሚቀርበው ዘመዷ ግን የሚገኘው ሜዳው ላይ ነው። ከክረምቱ መጨረሻ ጀምሮ ውኃ በሚያቁርበት ቦታና በወንዙ ዳር ዳር ትንሽ ቢጫ አበባ ይወጣል። አምስት ቅጠል ያላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ። አደይ አበባ አይደለችም፤ አደይ ደረቅ ቦታ፣ ዳገት ላይ ነው የምትወጣው፣ ቤተሰቧም ሌላ ነው። ይቺኛዋ ራሷ የራናንኩለስ ወገን ናት፤ የሳይንስ ስማቸው የመጀመሪያ ቃል አንድ ነው። ቅጠሏን ከመደቤ ቅጠል ጋር አስተያይቻለሁ። ያው የተቆራረጠ፣ ያው ጸጉራም። ቢጫዋን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ቅጠሎቿ እንደ ተወለወሉ የሚያበሩ መሆናቸውን ያያል። እንዲህ የሚያበራ አበባ ጥቂት ነው። በዚህ ወገን ላይ የተደረገ ጥናት ምክንያቱን አግኝቶታል። የላይኛው ሽፋን በጣም ስስና ለስላሳ ነው፤ ቢጫው ቀለም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከሥሩ የአየር ክፍተት አለ። ከዚያ በታች ነጭ የስታርች ንጣፍ አለ። ብርሃኑ በነዚህ መሃል ተመላልሶ ነው ወደ ዓይናችን የሚመጣው። እንደሷ ያለችውን ስንቴ ረግጠን እንደምናልፍ ሳስብ ያሳዝነኛል።

በጎች ግን አይነኳትም። ሜዳው ተግጦ ተግጦ እሷ ቆማ ትቀራለች። የዚህ ወገን ዕፅዋት ሲቀጠቀጡ ወይም ሲታኘኩ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይወጣቸዋል፤ አፍ ያቆስላል፣ ቆዳ ላይ ውኃ ያስቋጥራል። የሚገርመው ሲደርቅ ነው። ያ የሚያቃጥል ነገር ሲደርቅ ተለውጦ ጉዳት የሌለው ይሆናል። ሱሉልታ የድርቆሽ አገር ናት። ጥቅምት ላይ ሜዳው ይታጨድና ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች በጭነት መኪና ይሄዳል። ከሣሩ ጋር ቢጫዋም ተቀላቅላ ብትታጨድ ላሟን አትጎዳም፤ ደርቃለችና።

መደቡ ላይ ያለው ግን እርጥብ ነው። ስለዚህ ማሳሰቢያዬ ለገና ነው። በጉ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ በሚታሰርበት ሳምንት ቅጠሉ ለምለም የሚሆንበት ጊዜ ነው። በነፃነት የሚግጥ በግ ይሸሸዋል። የታሰረና የራበው ግን ያገኘውን ይበላል። ገመዱ ከመደቡ እንዳይደርስ። ትንንሽ ልጆችም ሲነቅሉና አፋቸው ውስጥ ሲከቱ ዝም አይባልም። እኔ ስቆርጥ ጓንት አደርጋለሁ፤ ከዚያም እጄን እታጠባለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ይመጣል። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ጠንከር ያለ ቅጠል ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢወርድ ይችላል። ጠዋት ተኝቶ፣ ጠቁሮ፣ ያለቀለት መስሎ ይገኛል። ፀሐይ ሲያገኘው ቀስ ብሎ ይነሳል። ያን ጊዜ መንካት አያስፈልግም። እምቡጥ ከያዘ ግን አላምነውም፤ ማታ ማታ አሮጌ አንሶላ አለብሰዋለሁ። አንሶላው ቅጠሉን እንዳይጫነው ዱላ ተክዬ ከላይ እዘረጋዋለሁ፤ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ያቆይለታል። ጠዋት ይነሳል። እማማ "ለአበባ ብርድ ልብስ!" ይላሉ፤ ነገር ግን እኔ ከቤት ርቄ ያደርኩ ዕለት የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው።

ውኃ ጠዋት፣ ከሥር ነው የሚጠጣው። ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ይይዘዋል። ክሽክሽ ደግሞ እምቡጡ ሥር ይሰበሰባል፤ ሳሙና የነካው ውኃ ይበቃዋል። ስለ በሽታ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ርቀቱ ከተጠበቀና አፈሩ ውኃ ካሳለፈ ብዙ አታስቸግርም።

ከዚያ ታብባለች። እምቡጧ መጀመሪያ ጠንካራ አረንጓዴ ጉብታ ነው። ቀለሙ ብልጭ ይላል። ቀን ቀን ትከፈታለች፣ ማታ ትዘጋለች፤ በየቀኑ ትንሽ ትሰፋለች። ለቤት የሚቆረጠው በጣት ጫን ሲሉት የማይገፋ፣ የሚለሰልስ ሲሆን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከመከፈቷ በፊት። ጠዋት ተቆርጣ፣ የታችኛው ቅጠል ተነቅሎ፣ ጥቂት ውኃ ውስጥ ትቆማለች። አገዳዋ ክፍት ስለሆነ ብዙ ውኃ ያበሰብሳታል። ውኃው በየሁለት ቀኑ ከተለወጠ ሳምንት ያልፋታል፤ እኛ ጋ ቤቱም ስለሚቀዘቅዝ የበለጠ ትቆያለች። አንዱን ስትቆርጡ ሌላው ይመጣል። ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ይወጣል፤ ካልተቆረጠ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ አትሰስቱ።

እኛ ቤት አበባ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ የተለመደ አልነበረም። ብዙ ቤት እንዳለው የፕላስቲክ አበባ ነበረን፤ አቧራ ይጠረግለታል፣ ለበዓል ይታጠባል። አበባ የሚገዛው ለሠርግ፣ ለምረቃ፣ ለሐኪም ቤት ጥየቃ ነው። አሁን የካቲት ላይ ሰው ቤቴ ሲመጣ ባዶ እጁን አይሄድም። ለአራስ ጥየቃ የወሰደ አለ። አንዱ ጎረቤታችን፣ ጋሼ፣ ነጯን ለባለቤታቸው መቃብር ጠየቁኝ፤ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ነጮች የሳቸው ናቸው። አበባ በአውሮፕላን በምትልክ አገር ውስጥ ሰው በገዛ ግቢው አብቅሎ ለጎረቤቱ ሲሰጥ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ልጆች ይህን ቢጀምሩት ደስ ይለኛል። ጽጌረዳና የገና አበባ ሁሉም አለው። ከሱሉልታ እስከ ሆለታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ እስከ መናገሻ ያለው ብርድ ግን ለዚህች አበባ የተሠራ ነው። በክረምት ቀጥቅጦ ከሚዘንብበት ጊዜ በስተቀር እዚህ ያለ ሰው ከሌላው አገር አምራች የሚጎድለው ነገር የለም።

መጋቢት ሲገባ ቀኑ ይረዝማል ማለት ባይቻልም፣ በኛ አገር ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱ ግን ይለያል። ጥላ ብሠራላትና ጭድ ባለብሳት ጥቂት ሳምንት ትጨምራለች። ከዚያ ቅጠሏ ቢጫ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ታመመች ብሎ ውኃ ይጨምራል። አልታመመችም፤ ልትተኛ ነው። ውኃው ይቆማል። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ የግንቦት ዝናብ ሳይቀድመን፣ ሥሩ ይቆፈራል። አንዱ ሥር ሁለትና ሦስት ሆኖ ይወጣል። መሬት ውስጥ ቢተው ክረምቱ ያበሰብሰዋል። አፈሩ ይራገፍና በጥላ ሥር ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል። ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። የሐምሌ እርጥበት ቤት ውስጥም ስለሚገባ የኔዎቹ እናቴ ነጭ ሽንኩርት ከምታንጠለጥልበት ቆጥ ላይ ናቸው፤ ማድ ቤቱ ሁልጊዜ ደረቅ ነው።

ለመጪው ጥቅምት እማማ ከድንቻቸው አጠገብ አንድ መስመር ሰጥተውኛል። ቀይ ብቻ እንድተክልበት ታዝዣለሁ። የሳቸው ግቢ ከኔ ዝቅ ስለሚል ውርጩ እዚያ ይበረታል፤ ስለዚህ አንሶላ ከኔ፣ ማልበሱ ከሳቸው ብለን ተስማምተናል። ቀዩን እዚያ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አወርደዋለሁ። ነጩን እኔ ጋ ሁለት ሳምንት አዘግይቼ ነው የምተክለው፤ ሁሉም ባንዴ አብቦ ባንዴ እንዳያልቅብን። የድንቹ መስመር ሥር የሚዘረጋው ሽቦ ግን ገና አልተገዛም፤ እማማ ፍልፈሉ መርዝ አይበላም ባይ ናቸው፣ እኔ ደግሞ አላምነውም።